የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሚሲዮኖች በተናወጠ ዘመን

ባለፈው እትም ስለ ቀደምት ሚሲዮኖች ከጻፍን በኋላ ከከተማችን ዳር ዳር ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ እ.ኤ.አ. ብለናል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን ቴዎድሮስ አደባባይ ወስጄ የሴባስቶፖልን ምስል አሳየኋቸው። አንዱ «መድፉን የሠሩት ሚሲዮኖች ናቸው» አለኝ። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው እንዴት መድፍ አፍሳሽ ይሆናል? (መምህር፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ተማሪዎ ልክ ነው። መድፉን ያፈሰሱት ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮኖች ናቸው። ሲመጡ ግን መድፍ በሐሳባቸውም አልነበረም። ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ትግራይ ገብቶ፣ ጎንደርም ሰብኮ፣ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት መሀል ሥራው ፍሬ ሳይዝ ተመልሷል። ከእሱ በኋላ ሥራውን የያዙት ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1838 ከዐድዋ ተባረሩ። ጎባት የኢየሩሳሌም ጳጳስ ከሆነ በኋላ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ሰባኪ ብቻ ሳይሆን አናጢና ግንበኛ፣ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው መላክ። ከባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን በ1848 አካባቢ ወደ አጼ ቴዎድሮስ ግቢ የደረሱት በዚህ ሐሳብ ነው። ዋልድማየርና ሳልሙለር ዘግይተው መጡ።

ንጉሡ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ደግሞ በኦርቶዶክሳውያን መካከል የባዕድ እምነት እንዲሰበክ አይፈቅዱም። የተገኘው መስማሚያ ጠባብ ነበር፤ ለቤተ እስራኤል ይስበኩ፣ ያመነው ግን የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተቀረው ጊዜ የንጉሡ ሥራ ነው፤ መንገድ፣ ጋሪ፣ በመጨረሻም መድፍ።

ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህን ያህል ነሐስ ማፍሰስ ለምን እንደሚያስቸግር ለተማሪዎችዎ ማስረዳት ከፈለጉ ሦስት ነገር ይንገሯቸው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ ተራ ሸክላ ይህን ሙቀት ለሰዓታት አይችልም፣ ምድጃው ራሱ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ከብዙ ምድጃ የሚወርደው ብረት እኩል ካልቀለጠ ቀድሞ የፈሰሰው ይረጋና ከኋላው ጋር አይዋሃድም፤ ያ መጋጠሚያ ሲተኮስ ይፈነዳል። ሦስተኛ፣ የጭቃው ቅርጽ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ወደ ላይ ይተፋዋል። ስለዚህ ቅርጹ በእሳት ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት።

የንጉሡ ፍቅር ግን አልዘለቀም። በ1855 መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ሚሲዮናዊው ስተርን እ.ኤ.አ. በ1863 ታሰረ፤ የእንግሊዝ ቆንሲሉ ካሜሮን ተከተለ። ባለሙያዎቹም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር አውሮፓውያኑን ይዞ ወጣ፤ የጋፋት ሥራ በዚያው ቆመ። ፈቃዱ የአንድ ሰው ፈቃድ ስለነበር ከሰውየው ጋር ሞተ። ይህን ነገር በቀሪዎቹ መልሶችም ደጋግመው ያገኙታል።

ከዚያ ዘመን የቆየው ሌላ ነው። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። ሚሲዮኖቹ በየቦታው ይዘውት የዞሩት ይህን ትርጉም ነው። ለተማሪዎችዎ ከመድፉ እኩል ይህን ስም ቢያስተምሯቸው እንወዳለን።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን «አቡነ ማስያስ ፊንፊኔ ነበሩ፣ ፈንጣጣም ይከትቡ ነበር» ይሉናል። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር? ክትባቱንስ ያኔ እንዴት ይሠሩታል? (ከሰበታ)

መልስ፦ አዎ፣ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት። አቡነ ማስያስ የሚባሉት ጉልየልሞ ማሳያ የካቶሊክ (የካፑቺን ማኅበር) መነኩሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 የኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ እንደራሴ ተብለው ተሾሙ፤ ጉዱሩ የደረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ስድስት ዓመት የበላው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በየመስፍኑ ኬላ ላይ ሌላ ቀረጥ፣ ሌላ ጥርጣሬ ነበር፤ አቡነ ሰላማም እንዲያዙ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በሱዳን በኩል ዞረው፣ ልብስና ስም ለውጠው ገቡ። ከጉዱሩ ወደ እናርያና ከፋ ዘለቁ፣ ከከፋ ተባረሩ።

ወደ ሸዋ የመጡት በ1860 ነው። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ከውጭ አገር ጋር የሚያገናኝ ሰው ይፈልጋሉ። ለሚሲዮኑ ፊንፊኔ ላይ፣ ብርብርሳ በተባለው ቦታ መቀመጫ ሰጧቸው። ብርብርሳ የሚለው ስም ዛሬ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ከዚያ አጼ ዮሐንስ በረቱ። በ1870 ልቼ ላይ ምኒልክ ሲገብሩ፣ በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ ሲደረግ፣ የሚሲዮኖቹ ጉዳይ አበቃለት፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ማሳያ ከሸዋ ወጡ። ምኒልክ ጠልተዋቸው አልነበረም፤ ከበላያቸው ንጉሠ ነገሥት ስለነበረ ነው።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ያኔ ብልቃጥም ማቀዝቀዣም የለም። የላም ፈንጣጣ ፈሳሽ ከሰው ክንድ ወደ ሰው ክንድ ይተላለፋል። የተከተበው ሰው ክንድ ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ እብጠት በ7ኛውና በ8ኛው ቀን ጥሩና ጠራ ያለ ፈሳሽ ይይዛል። ያን ጊዜ በስለት ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ያልተከተበውን ሰው ቆዳ ደም ሳያፈስ ጫር ጫር አድርጎ ማስገባት ነው። ከ10ኛው ቀን በኋላ ፈሳሹ መግል ስለሚሆን አይይዝም። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው፦ በየሳምንቱ አዲስ፣ ያልተከተበ፣ በቀኑም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ካልተገኘ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አንዴ ከተበጠሰ ሌላ ፈሳሽ ከባሕር ማዶ በክር ወይም በመስተዋት ላይ ደርቆ መምጣት አለበት፤ የቀይ ባሕር ሙቀት ደግሞ አብዛኛውን በመንገድ ይገድለዋል። ሌላም አደጋ አለ፤ ሰጪው ቂጥኝ ካለበት ከፈሳሹ ጋር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚመረጠው ጤነኛነቱ የሚታይ ልጅ ነው።

በአገራችንም ከዚያ በፊት ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ይታወቅ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያኛው መንገድ የተከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚይዝ፣ ቀለል ብሎት ቢያልፍም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ሕዝቡ ለክትባቱ ባዕድ ስላልነበረ ማሳያን ለመቀበል አልተቸገረም።

ጥያቄ፦ የአጥቢያችንን ታሪክ እየጻፍን ነው። አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ሚሲዮኖች የተባረሩት በ1937 ነው ይላል፤ አንድ ሽማግሌ በ1929፣ ሌላው በ1930 ይላሉ። ኮሚቴው ተጣልቷል። (የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የፈረንጁ ቀን ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8 ይቀንሱ፤ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7። ስለዚህ ወር የሌለው «1937» ወይ 1929 ነው ወይ 1930። ወሩን እስክታገኙ ድረስ «1929/30» ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱን በድምፅ ብልጫ አትምረጡ።

ለቀን ደግሞ ጥንቃቄ አለ። የእኛ መስከረም 1 አሁን ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ 6 ስትሆን 12 ላይ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ፌብሩዋሪ መጨረሻ በፊት ባለው ምዕተ ዓመት ግን አንድ ቀን ይቀድማል፤ ሴፕቴምበር 10 ወይም 11። ለዚህ ነው የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጁ ማርች 1 የነበረው፣ በዓሉ ዛሬ ግን ማርች 2 ላይ የሚከበረው። በስልክ ላይ ያሉ መለወጫዎች አንዳንዶቹ ይህን ስለማይቆጥሩ የማሳያንና የክራፕፍን ዘመን ቀን በእነሱ አትለውጡ።

በጣልያን ዘመን የተጻፈ ወረቀት ከፈረንጁ ዓመት ጎን በሮማውያን ቁጥር ሌላ ዓመት ይይዛል። ያ የፋሽስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የሚጀምረውም ኦክቶበር 29 ላይ ነው። 15ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1936 እስከ ኦክቶበር 1937 ነው። የፈረንጁ ዓመት የደበዘዘበት ወረቀት በዚህ ይለያል።

ሽማግሌ ሲጠየቅ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አይባልም። ትክክለኛ ያልሆነ ቁጥር የሚወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ሰውየው እናንተን ላለማሳፈር አንድ ዓመት ይጠራላችኋል። ይልቅ በሚያስታውሱት ነገር ያስጠጉ። ከኅዳር በሽታ በፊት ነው በኋላ (1911)? ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ (ሚያዝያ 27 ቀን 1928) አባትዎ የት ነበሩ? ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ (1929) በፊት ነው? ንጉሡ ሲመለሱ (ሚያዝያ 27 ቀን 1933)? የታኅሣሥ ግርግር (1953)? ከዚያ ወደ ወቅቱ፦ ወንዙ ሞልቶ ነበር? ጤፍ ታጭዷል? ጾም ነበር? ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አብረው ከተቀመጡ ታላቁ የተናገረውን ታናሹ ይደግማል። የተባለውን እንደተባለ ጻፉና ለውጡን በቅንፍ አስቀምጡ። የተናጋሪውን ዕድሜና ነገሩን ራሱ አይቶ ይሁን ሰምቶ ከጎኑ መዝግቡ።

አንድ ነገር ግን እንለምናችሁ። የደረሱን የአጥቢያ ታሪኮች ብዙዎቹ የፈረንጁን ስም ከነአያቱ ጽፈው አስተርጓሚውን «አንድ ወንድም» ብለው ያልፉታል። ፈረንጁ ሲባረር ሥራውን የያዘው ያ ወንድም ነው። ስሙን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የዘነበወርቅ ሆስፒታል በሚሲዮን ተሠራ ይባላል። ለምን ከከተማ ውጭ? ሚሲዮኖችስ ለምን ሐኪም ቤት አስቀደሙ? (ከዘነበወርቅ)

መልስ፦ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1934 የከፈተው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ነው፤ ስሙ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ። ቦታው ያኔ ከከተማ ርቆ ነበር፤ ሕዝቡ በሽታውን ስለሚፈራ ሌላ ቦታ መክፈት አይታሰብም። የዘመኑ መድኃኒት የቻውልሙግራ ዘይት ነበር፤ በመርፌ ይሰጣል፣ ያማል፣ ለረጅም ጊዜ መደጋገም አለበት። ታካሚው አቅራቢያው መስፈር ነበረበት፤ ሰፈሩም የበቀለው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ስፍራ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ተቋቋመ።

ሐኪም ቤት የቀደመው በሩን የሚከፍተው እሱ ስለነበረ ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተሻግሮ ወደ ደምቢዶሎ የገባው በ1911፣ የኅዳር በሽታ አገር በፈጀበት ጊዜ ነው፤ የአካባቢው ገዥ ሐኪም ስለፈለጉ። ልጅ ኢያሱ ወርደው፣ የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ሦስት ዓመት አልሞላም፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከእሱ ጋር ተዋውቀው በጉለሌ ሆስፒታል እንዲሠራ ፈቀዱ።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሕግ ወጣ። ነሐሴ 21 ቀን 1936 በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለ፦ ክፍት ክልልና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል። በክፍቱ ሚሲዮን እምነቱን ማስተማር ይችላል። በሌላው ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት ይፈቀድለታል፣ የራሱን ቤተ እምነት መስበክ ግን አይችልም፤ የሚያስተምረው ለአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የጋራ የሆነውን ብቻ ነው። የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የአካባቢው ቋንቋ የሚፈቀደው ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ነው። አዲስ አበባ በድንጋጌው ክፍት ተባለች። ስለዚህ በከተማው ዳር የአንድን ተቋም ታሪክ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦታው ያኔ በከተማው ክልል ውስጥ ነበር ወይስ ከወሰኑ ውጭ የሚለውን ነው። ክሊኒክ ያለው ግን ጸሎት ቤት የሌለው ግቢ ካገኛችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የወላይታ አማኞች ሚሲዮኖቹ ከሄዱ በኋላ በዙ ይባላል። እንዴት? (ከአቃቂ)

መልስ፦ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በታኅሣሥ 1920 አዲስ አበባ ገብተው በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ሶዶ አንዱ ጣቢያቸው ሆነ። ጣልያን በ1929 ሲያስወጣቸው የተጠመቁት 48 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ሲመለሱ ያገኙት አሥር ሺህ ገደማ ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ያደረጉትን ማየት ይበጃል። ጥምቀት በችኮላ አልሰጡም፤ እጩው በራሱ ቋንቋ ተጠይቆ፣ ጎረቤቱም ስለ ኑሮው መስክሮለት ነበር። ለሰባኪ ደመወዝ ከውጭ አልቆረጡም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሲቆም የሚቆም ሥራ አልነበረም። ሽማግሌዎች ተመርጠው ማጥመቅና ቅዱስ ቁርባን መስጠት ተፈቅዶላቸዋል። በወላይትኛ የታተሙ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች በእጃቸው ነበሩ። ሌላው ሁሉ፣ ግርፋቱም እስሩም፣ ያለፈው በወላይታ ወንጌላውያን ጀርባ ላይ ነው፤ ዋንዳሮን የመሰሉት። ጋፋትን ከሶዶ አስተያይተው ይመልከቱ፦ በጋፋት ሥራውን የሚረከብ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ገጃ ያሉት የሬዲዮ ምሰሶዎች የሚሲዮን ነበሩ? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ አዎ፣ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ማሠራጫ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ሥርጭት ጀመረ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። ከከተማ የራቀው አንቴናዎቹ ሰፊ ሜዳ ስለሚፈልጉ ነው። ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ ተደብቆ የቆየ ሣጥን አገኘን፤ መዝገብ፣ ፎቶና ካሴት አለበት። ወረቀቱ ሻግቷል። ፀሐይ ላይ እናስጣው? (ከፉሪ)

መልስ፦ አታስጡት። ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋል፣ ወረቀቱንም ያኮማትራል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል ዘርጉት፤ ፋን ካለ ወደ ግድግዳ አዙሩት እንጂ ወደ ወረቀቱ አይደለም። የእርጥብ መዝገብ ገጾችን በጉልበት አትለያዩ፤ በየ10 ገጹ ነጭ፣ ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት አስገቡና በየጥቂት ሰዓቱ ቀይሩ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይለቃል። ሻጋታው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይጠረግም፤ እርጥብ ከሆነ ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ ከመሀል ወደ ጠርዝ ሳቡ።

የዛገ ስፒልና ስቴፕል ቀስ ብላችሁ አውጡ። ስኮች አትለጥፉ፤ በጥቂት ዓመት ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ተመልሶ አይወጣም። ቁጥር የሚሰጠው በእርሳስ፣ በገጹ ጀርባ፣ ጥግ ላይ ነው። ሣጥኑን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳም አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ምስጥ የሚወጣው ከወለል ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ከሆነ ሌሊት ጤዛ ይንጠባጠባል።

በስልክ ስታነሡ ፍላሽ አጥፉ፤ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጉ። ባዶውን ገጽም አንሡ፤ ካልተነሣ ነገ «ገጽ ጎድሏል» ያሰኛል። ፎቶ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ሁለቱንም ጎን።

ካሴቱን ወዲያው አታጫውቱ። ነጭ ብናኝ የሚታይበት ከሆነ ሻጋታ ነውና ማጫወቻውን አበላሽቶ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል፤ ለብቻ አስቀምጡት። የንጹሑን ካሴት ግን መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፣ ሳይታሰብ በላዩ እንዳይቀረጽ። ክሩን ከሚጫነው ብረት ላይ ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ ክሩን ወደ ሌላ ደህና የካሴት ቀፎ ማዛወር ይቻላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው አንዴ አጠንጥናችሁ መልሱ፣ በማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሽቦ ከኮምፒውተር አገናኝታችሁ ቅረጹ። ሳይጨመቅ አንድ ሰዓት 600 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ከአጥቢያው ግቢ ውጭ፣ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ዋናው ካሴትም ቅጂ አለን ተብሎ አይጣል።